የከበረ ሰላምታ 70 ፊደል ይበላል፦ የአንድ ተማሪዎች ማኅበር ኅትመት የጉዳይ ጥናት

መጋዘኑን የከፈትነው መጥረጊያ ፍለጋ ነው። ሐምሌ 2015። የአዲስ አበባ ጫፍ የሆነውን ቱሉ ዲምቱን በሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፣ የማኅበራችን ቢሮ ወለል ደግሞ ለጤፍ የታረሰ ማሳ መስሏል። መጥረጊያ የለም። በምትኩ በሲባጎ የታሰሩ እሽጎች ግድግዳ ተደግፈው እስከ ወገቤ ድረስ ቆመዋል። አንዱን ፈታሁት። መጽሔታችን ነው። የዚያው ዓመት እትም፣ ባለቀለም ሽፋኑ፣ በኬክ ያስመረቅነው። ጣሪያው ያፈስ ስለነበር የታችኞቹ ተጣብቀው አንድ ድፎ ሆነዋል።

ለጠቅላላ ጉባኤ የቀረበውን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። «600 ኮፒ ታትሞ ለአባላት ተሰራጭቷል» ይላል። ልዋሽ ብዬ አይደለም። ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ግቢ ገብቷል፣ ግቢ ውስጥ ታድሏል፣ የቀረው «ይላካል» ተብሎ ተቀምጧል፣ የሚልከው ልጅ ፈተና ደርሶበታል፤ እኔ ስጽፍ ማንም «አልተላከም» አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ቆጠርናቸው። ከግማሽ በላይ እዚያው ነበሩ።

የኮሌጁን ስም አልጠራም። ከአደባባዩ አለፍ ብሎ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው በኩል ያለ ነው፣ ይበቃል። ማኅበሩ ሁለት ዓይነት አባል አለው። አንደኛው እንደኔ መደበኛ ተማሪ ነው፤ ግቢ ይውላል፣ ማስታወቂያ ሰሌዳውን እያየ ያልፋል። ሁለተኛው የክረምት ተማሪ ነው። ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ የሚያሳድግ መምህር፣ ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ይማራል፣ ሞጁሉንና አሳይመንቱን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል፣ አሥር ወር ጂንካ ወይ ሰቆጣ ወይ አሶሳ ጥግ ያስተምራል። መዋጮው ግን እኩል ነው። ምዝገባ ላይ ይቆረጣል። ሁለት ወር አባል፣ አሥር ወር የተረሳ ዘመድ።

መጽሔቱ ለእነሱ ምን ይዞ ነበር? ገጽ 1 የፕሬዚዳንቱ መልእክት። ገጽ 3 ሥልጣን ርክክብ፣ አምስት ፎቶ። ግጥም። «ይህን ያውቃሉ?»። የግቢው ካፌ ላይ የተጻፈ ቀልድ፣ ካፌውን ለማያውቅ ምንም የማያስቅ። ከኋላ ገጽ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ የምዝገባ ቀን።

የመላኪያው መንገድም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። እቅዱ በፖስታ ነበር። የአገራችን ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው፣ እሱን አልወቅስም። ግን እዚህ አገር ደብዳቤ ባብዛኛው ደጅ ድረስ አይመጣም፤ ሣጥን ገብቶ ባለቤቱን ይጠብቃል። የገጠር መምህር የራሱ ፖስታ ሣጥን ከየት ያመጣል? የሚጠቀመው የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሣጥን ነው። ርዕሰ መምህሩ ለስብሰባ ወረዳ ሲሄድ ካስታወሰ ይዞለት ይመለሳል። ካላስታወሰ እስከሚቀጥለው ስብሰባ። በዚህ መንገድ የሄዱት ጥቂት መጽሔቶች የደረሱት የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ መሆኑን የሰማነው ዘግይተን ነው።

እሽጉን ካገኘን በኋላ የመጀመሪያው እርምጃችን ምን ነበር መሰላችሁ? መጽሔቱን ማሳመር። እውነቴን ነው። ስብሰባ ተቀመጥን፣ «አልተነበበም ማለት አልማረከም ማለት ነው» ተባባልን፣ ዲዛይነር ለምነን አመጣን፣ 32 ገጽ የነበረው 48 ሆነ፣ ጥቅምት 2016 ላይ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ለጠፍነው። ፋይሉ ከ40 ሜጋባይት በላይ ነው። ፎቶዎቹ ከስልክ እንደወጡ፣ ሳይቀነሱ ነው የገቡት። ከሥር ያለችው የዓይን ምልክት ቁጥሯ ሲጨምር እያየን ጨፈርን። ዓይኗ የምትቆጥረው ግን ልጥፉ ስክሪኑ ላይ የታየለትን ሰው ነው፣ ፋይሉን አውርዶ የከፈተውን አይደለም። ይሄን የነገረን የአንደኛ ዓመት ልጅ ነው፤ ጭፈራችን ላይ ውሃ ቸለሰበት።

ከዚያ ደወልኩ። ዝም ብዬ፣ ከክረምት ተማሪዎች ዝርዝር ላይ በጣም ሩቅ የመሰለኝን ቁጥር መርጬ። ከጂንካ አልፎ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ ክረምት ላይ ግቢ ውስጥ «ጋሼ» ነበር የምላቸው። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ተገኙ።

«ጋሼ፣ መጽሔታችንን አዩት?»

«የቱን?»

«ቴሌግራም ላይ የለቀቅነውን።»

ሳቁ። «ልጄ፣ አሁን የማናግርሽ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ነው። ታች ኔትወርክ የለም። አርባ ሜጋባይት ላውርድ ስል ብታዪኝ አንቺ እንኳን ታዝኛለሽ።»

ከዚያ ያለፈው ሐምሌ የሆነውን ነገሩኝ። የምዝገባውን ቀን የሰሙት ከሌላ ወረዳ በመጣ መምህር ነው። የወረዳውን ደብዳቤ አጽፈው ሁለት ቀን ተጉዘው የደረሱት ምዝገባው ባለፈ በማግስቱ ነው። በቅጣት ተመዘገቡ። ሰልፉ ላይ ቆመው፣ ከሰልፉ ሃያ እርምጃ በማይርቅ መጋዘን ውስጥ ቀኑ የተጻፈበት መጽሔት ታስሮ ተቀምጧል። ይሄን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። አፈርኩ።

«ምን ብንልክልዎ ይሻላል?» አልኳቸው።

«ቀኑን። ቀኑንና የሚያስፈልገውን ወረቀት። ሌላው ትርፍ ነው፣ ከተረፈሽ ላኪው።»

በነጋታው ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛሁ። ሥራ አስፈጻሚው በሙሉ ዝርዝሩን ተካፈልነው፣ በየራሳችን ካርድ ደወልን። ጥያቄው ሦስት ብቻ ነበር፦ ምን ዓይነት ቀፎ አለዎት፣ ኔትወርክ የሚያገኙት የትና መቼ ነው፣ ባለፈው ዓመት ወሬ ስላልደረሰዎ ምን አመለጠዎ። ሳምንታት ፈጀ። የማይነሳ ስልክ ይደወላል፣ እንደገና ይደወላል። አንዳንዱ ተነስቶ በደስታ ግማሽ ሰዓት ያወራል፣ ካርዴ ያልቃል።

ከደብተሩ የወጣው እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ከገመትነው ጋር አይገናኝም። ስማርት ስልክ ያለው ብዙ ነው፣ ዳታ ያለው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ጥቅል የሚገዙት ደመወዝ ሲገባ ነው። ኔትወርክ የሚያገኙት ከተማ ሲወርዱ ነው፤ ከተማ የሚወርዱት ደግሞ በገበያ ቀን። ስለዚህ እኛ ሰኞ ረፋድ ላይ «ለአስቸኳይ» ብለን የምንለጥፈው ነገር ቅዳሜ ገበያ እስኪደርስ ድረስ ከላዩ ላይ የመልካም ልደት ምኞትና የኳስ ውጤት ተቆልሎበት ይቀበራል። ይሄንን ካወቅን ወዲህ ለሩቅ አባላት የሚሄደው ነገር የሚለቀቀው ዓርብ ማታ ሆነ። በየአካባቢው የገበያ ቀኑ ይለያያል፣ እናውቃለን፤ የኛ ደብተር ላይ ግን ቅዳሜ በለጠ።

ያመለጣቸውም ተመሳሳይ ነው። ምዝገባ። የአሳይመንት ማስረከቢያ ቀን። የፈተና ፕሮግራም ለውጥ። ለመመረቅ የተቃረቡት ስለ መውጫ ፈተና ይጠይቃሉ፤ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ግድ ሆኗል፣ ማለፊያው 50 ነው፣ ይሄን የሚያውቁ ነበሩ፣ የት ወረዳ ሆነው እንደሚመዘገቡ ግን ግራ የገባቸው ብዙ ናቸው። ግጥም የጠየቀ አንድ ሰው አለ። ራሱ ገጣሚ ነው።

መጽሔቱ ቀርቶ ገንዘቡ ለሩቆቹ ይዋል የሚል ሐሳብ ይዤ ወደ ስብሰባ ስገባ ፕሬዚዳንታችን ቱግ አለ። «መጽሔት የሌለው ማኅበር ምን ማኅበር ነው?» ታሪክ ጠቀሰብኝ። በ1960ዎቹ አሜሪካ የነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች «ቻሌንጅ»፣ አውሮፓ የነበሩት «ትግላችን» የሚባል መጽሔት ነበራቸው፣ ባሕር ተሻግሮ ይነበብ ነበር፣ እኛ ከቱሉ ዲምቱ ጂንካ ማድረስ አቅቶን መጽሔት እንዝጋ? ደህና ክርክር ነው። የኔ መልስ አንድ ነበር፦ እነዚያ የተነበቡት የተማሪውን የራሱን ጥያቄ ስለያዙ ነው፣ የኛ የያዘው ያንተን ፎቶ ነው። ይሄን ባልል ይሻል ነበር። ለሁለት ሳምንት አላናገረኝም። በኋላ አማካሪ መምህራችን አስታረቁን፤ መጽሔቱ በዓመት አንዴ፣ 16 ገጽ ሆኖ ለግቢና ለእንግዳ ይቀጥላል፣ የቀረው ገንዘብ ለሩቆቹ ይውላል። (16 የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ በስቴፕለር የሚሰፋ መጽሔት ገጹ ለ4 መካፈል አለበት፣ አለበለዚያ ባዶ ገጽ ይተርፋችኋል፣ እኛ አንድ ዓመት ባዶውን በአበባ ሥዕል ሞልተነዋል።)

አሁን ወደ አጭር መልእክት። ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘው ሰው ከዚህ ሌላ መንገድ የለም። ሒሳቡን የማያውቅ ግን ይከስራል፤ እኛ ከስረናል። አንድ መልእክት 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል። በኛ ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ። ክፍተቱና አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ ይቆራረጣል፣ ቁራጩ ደግሞ 67 ነው የሚይዘው፣ የቀረው ቦታ ቁራጮቹን ተቀባዩ ስልክ ላይ መልሶ ለመግጠም ይውላል። የምትከፍሉት በቁራጭ ነው። የማኅበራችን የመጀመሪያ መልእክት እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «ውድ የማኅበራችን የክረምት መርሐ ግብር አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ማኅበራችሁ የከበረ ሰላምታውን ያቀርባል።» ቁጠሩት። ልክ 70 ነው። አንዱን መልእክት ሙሉ በሰላምታ ጨርሰን ነው ወደ ጉዳዩ የምንገባው፤ ጉዳዩ ሌላ አራት ቁራጭ ነበር። አንዳንዱ ስልክ ላይ ቁራጮቹ ተዘበራርቀው ስለገቡ ሰላምታው ከስንብቱ በኋላ ደርሷል።

ለምን በላቲን ፊደል አትጽፉም ያለን አለ። ሞከርነው። ለመምህር በላቲን ፊደል አማርኛ መላክ ውርደት ነው፣ አንዲት የክረምት ተማሪ ደውላ «አማርኛ አስተማሪ እኮ ነኝ» አለችኝ። ተውነው። በአማርኛ አጥብቀን መጻፍ ለመድን፤ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ የሚያዘው ወረቀት፣ አለቀ። ሰላምታውን በስልክ ስንገናኝ።

ሌላ ያልጠበቅነው ጣጣ የድሮ ጽሑፎች ነበሩ። የመውጫ ፈተና ጥቆማዎች፣ የአሳይመንት አጻጻፍ መመሪያ፣ ደህና ደህና ነገር ለዓመታት ተጠራቅሟል። ከኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጌ ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው የላቲን ፊደልና ምልክት ጉድ ሆነ። የቢሯችን ጸሐፊ ለዓመታት የምትጽፈው የራሱ የፊደል ኮድ ባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚግባባበት የጋራ የፊደል ኮድ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ግዕዝን ከተቀበለ ሩብ ምዕተ ዓመት ሆኖታል፣ ኮምፒውተሯ ግን አልሰማም። እሷን አልኮንንም፤ ወረቀት ላይ ሲወጣ እኮ ያምራል። ችግሩ ሌላ ስልክ ላይ ፊደሉ የለም። አራት ሆነን ዳግም ተየብነው። መብራት እየሄደ እየመጣ ሁለት ወር ወሰደ።

የተየብነውን በፒዲኤፍ አልለቀቅነውም። ዝም ብሎ የቴሌግራም ጽሑፍ አድርገን ነው። አንድ ልጥፍ 4096 ፊደል ይይዛል፣ ለአንድ ደህና ጽሑፍ ይበቃል። ማውረድም ፋይል መክፈትም አይጠይቅም፣ ኔትወርክ ሽው ባለች ቁጥር ይገባል። ፎቶ ካስፈለገ ለብቻው። ከሥር መጣጥፍ ለመለጠፍ አትሞክሩ፣ በነጻ አካውንት ፎቶ ሥር የሚገባው 1024 ፊደል ነው፣ የተረፈው አይገባም።

ወረቀትም አልተውንም። አንድ ኤ4፣ በሁለት ፊት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ለሦስት የታጠፈ። ድሮ ለማሳተም ፒያሳ ድረስ ግማሽ ቀን እንፈጅ ነበር፤ ይሄንን ኮዬ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ኮፒ ቤት ያወጣልናል። ጽሑፉ ጎላ ያለ ነው፣ የመምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆሞ እንዲነበብ። በአውቶቡስ ነው የሚሄደው። የደቡቡን ቃሊቲ መናኸሪያ፣ የደሴ መስመሩን ላምበረት እንወስዳለን። ፖስታው ላይ የተቀባዩ ስልክ በትልቁ ይጻፋል፣ ለረዳቱ ትንሽ ነገር እጁ ላይ ጣል ይደረጋል፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ለተቀባዩ ይላካል። ተቀባዩ ከተማ ያለ አንድ አባል ነው፣ እሱ ለገበያ ለሚመጡት ያድላል። አንድ ፖስታ ብቻ ጠፍቶብናል፤ ረዳቱ በቅንነት ሌላ መምህር ሰጥቶት ነው፣ መምህሩም ጥሩ ነው ብሎ ለጥፎታል።

ትልቁ ጥፋታችን ሰኔ 2016 ላይ ነው። ከሬጅስትራር የመጣው ማስታወቂያ «ጁላይ 10፣ 8:00» ይላል። እኔ ተቻኩዬ «ሐምሌ 10» ብዬ ለሁሉም በተንኩት። ጁላይ 10 ሐምሌ 3 ነው። በማግስቱ ከአዳማ የደወለልን አንድ አባል ነቃብን፣ ማታውኑ እርማት ሄደ፦ «ምዝገባ ረቡዕ ሐምሌ 3። የወረዳ ደብዳቤ፣ 2 ፎቶ ይያዙ። ከ6 ጀምሮ ቅጣት አለ።» 51 ፊደል። ኔትወርክ ያለው አገኘው። ሁለት ሰዎች ግን የመጀመሪያውን ገበያ ላይ አንብበው፣ ሁለተኛውን ሳያዩ፣ ሐምሌ 9 በኩራት አንድ ቀን ቀድመው ከች አሉ። ቅጣታቸውን ማኅበሩ ከፈለ፣ እኔ ደግሞ ምሳ ጋበዝኩ። «የሳምንቱን ቀን ብትጽፊበት አትሳሳቺም ነበር» ተባልኩ። አያድነኝም ነበር፤ ሐምሌ 3 ረቡዕ ነው፣ ሐምሌ 10ም ረቡዕ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ለየብቻው ቆጥሮ ካልተስማማ ቀን አይወጣም። ሰዓትም «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል፤ 8:00 ን ከቀኑ ስምንት ብሎ የመጣ ስላለ።

ከሁሉም የተወደደው ግን መጽሔትም መልእክትም አይደለም። የቀን መቁጠሪያ ነው። ነሐሴ 2016 መጨረሻ ላይ የክረምት ተማሪዎቹ ሻንጣ ሲሸክፉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ትልቅ ወረቀት ሰጠን፣ የ2017 አሥራ ሦስቱ ወራት፣ የአሳይመንቱና የምዝገባው ቀን ተከቦ። በዓላቱም አሉበት፣ መስቀል 17፣ ጥምቀት 11፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ ኢዶቹ «በጨረቃ» ተብለው። በዓል የሌለበትን ማን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል? አንዳንዱ ሦስት ወሰደ፣ አንዱን ለርዕሰ መምህሩ፣ አንዱን ለቤቱ። የማኅበሩ ስም ከሥር በትንሹ ነው ያለው። ከ48ቱ ገጽ ይልቅ ይቺ ወረቀት ስማችንን አስጠርታለች ብል ፕሬዚዳንቱ ራሱ አይከራከረኝም፣ ፎቶው የለበትም እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚሁ መሐል ሩቅ ያሉት ራሳቸው መላክ ጀመሩ። መጻፍ ሳይሆን በድምፅ፣ በቴሌግራም። ጋሼ ከኮረብታው ላይ ሆነው ሦስት ክፍል በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚያስተምሩ የተናገሩትን ጽፈን ታጣፊው ወረቀት ላይ አወጣነው። ንፋሱ እየጮኸ ስለነበር አንድ ቃል ሰምተን አጣመምን፣ «ጠመኔ» ያሉትን «ጠመንጃ» አድርገን። የእርማቱ ሳቅ እስካሁን አልበረደም።

ያልተፈታው ብዙ ነው። አንዳንድ ባለ ቁልፍ ስልክ አማርኛ ጨርሶ አያሳይም፤ የላክነው ሁሉ ባዶ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ይገባል። ለእነዚህ ሰዎች ሰፈራቸው የሚኖር፣ ስማርት ስልክ የያዘ ባልደረባ «ተጠሪ» አድርገን መዝግበናል፤ ተጠሪው ሲዛወር ግን ገመዱ ይበጠሳል። ሥራ አስፈጻሚውም በየዓመቱ ይቀየራል። በጥቅምት 2017 እኔም ወረድኩ። አዲሶቹ ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ የመጀመሪያ ስብሰባቸው ላይ የመጽሔቱ ሽፋን ባለቀለም ይሁን አይሁን ሁለት ሰዓት ተከራከሩ።

ደብተሩን አስረክቤያለሁ። ስም፣ ስልክ፣ የገበያ ቀን፣ ተጠሪ። መልእክታችን ሣጥን ሆኖ ከሚደርሳቸው ሰዎች ስም ጎን በእስክሪብቶ ትንሽ ሣጥን ስዬበታለሁ። አዲሱ አዘጋጅ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ «እነዚህን ደውልላቸው» አልኩት፣ ፈርሞ ተቀበለ።